ባሕር በአባዬ ክፍል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ተወሰነ። የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ፤ ሦስት ሜትር ርዝመት፣ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ዘጠና ቁመት። ቁጥሩን ስነግረው ካፒቴን ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ካፒቴን የምንለው የጌጥ ዓሣ ሻጩን ነው፤ መርከብ ላይ ወጥቶ አያውቅም፣ ስሙን ያወጣለት ኮፍያው ነው። «ይሄ የሆቴል ነው እንጂ የቤት አይደለም» አለኝ። ሰምቼው ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ለሰው ጥርስ ስሠራ ኖሬአለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ከልክ ያለፈ ነገር ቢኖረኝ ምን አለበት?

እራት ላይ ለቤተሰቡ ነገርኩ። ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ «የት ነው የሚቀመጠው?» አለች። ሳሎን አልኳት። አባዬ ተነሣና የሳሎኑን ወለል በከዘራው ጫፍ መታ መታ አደረገው፤ ድምፁን አዳመጠ።

«ስንት ይመዝናል?»

ውሃው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ተደምሮ ከሁለት ቶን በላይ ነው አልኩት።

«አይችልም። ከሥሩ ዕቃ ቤቱ ነው፣ ባዶ ነው። እኔ ነኝ የገነባሁት፣ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ የትኛው ይችላል አባባ?» አለች ባለቤቴ።

«የሚችለው የእኔ ክፍል ብቻ ነው። ሥሩ ድፍን ድንጋይ ነው» አለና ወደ እራቱ ተመለሰ።

እሱ ራሱ ነው ያለው። ኋላ ሌላ ወሬ እንዳይመጣ እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

እትዬ ጋ ደወልኩ። ታላቅ እህቴ ናት፤ ቤቷ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ያስኬዳል። አባዬ ለሁለት ወር እሷ ጋ ቢቆይ አልኳት። «ምን ሆኖ ነው?» አለች። ቤት ውስጥ ሥራ አለ፣ አቧራው ይጎዳዋል አልኩ። አቧራ መኖሩ ውሸት አይደለም።

«ከሁለት ወር በኋላስ የት ይተኛል?»

ፎቅ ላይ ያለችውን ትንሽ ክፍል እናዘጋጅለታለን አልኩ። ዝም አለች። እትዬ ዝም ስትል ከመናገሯ ይብሳል። የአባዬ ጉልበት ደረጃ እምቢ ካለው አራት ዓመቱ ነው፤ ይሄ ለእኔ የሚነገረኝ ነገር አይደለም። ግን መላ አይጠፋም። መደገፊያ አሠራለሁ። ገና ነው፣ ሲደርስ ይታሰብበታል።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ወሰድኩት። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ትራስ።

አልጋውን እሱ እያየ ባልፈታው ይሻል ነበር። ግን መስታወት ሠሪው ቀን ቆርጦብኛል። ብሎኖቹን ስፈታ አባዬ በሩ ላይ ቆሞ «የግራው ጥርሱ ተበልቷል፣ ቀስ በል» ይለኛል። ከክፍልህ እያስወጣሁህ አንተ ስለ ብሎን ታስተምረኛለህ ልለው ምንም አልቀረኝ። አላልኩም።

ሊወጣ ሲል ውሃ ልኩን ሰጠኝ። ግንበኛ በነበረ ጊዜ ከእጁ የማይለየውን፣ የእንጨቱን። «ያን የሚያህል ውሃ ጠማማ ነገር ላይ ከጫንክ መስታወቱ ይፈነዳብሃል። በዚህ ለካው» አለኝ። አመሰግናለሁ ማለት ሲገባኝ «አሁን የሚለካው በሌዘር ነው» አልኩት። ለምን እንዲህ እንደምል አላውቅም።

አውቃለሁ እንጂ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ስለ ባሕር እንስሳት መማር እፈልጋለሁ ስለው፣ እጄን ይዞ ገለባብጦ አየና «ይሄ ለድንጋይ አይሆንም፣ ለጥቃቅን ነገር ግን ይሆናል» ብሎ ጥርስ ሠሪ ወዳጁ ጋ አስገባኝ። በሦስት ቀን አለቀ። ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

መስታወቱ ገባ። ስምንት ሰው። በሩ አልበቃ ብሎ መቃኑ ተነቀለ። ወገቤ ተቆርጧል።

የብረት መቆሚያው ላይ ከመጫኑ በፊት መስታወት ሠሪው ወለሉን በሌዘር አየ። እንደገና አየ። «ማነው ይሄን ወለል ያፈሰሰው?» አለኝ። አባቴ ነው አልኩ። «አርባ ዓመት ሙሉ ፀጉር ታህል አልተዛባም። እንዲህ ያለ ሰው አሁን የለም» አለ። ሁሉም ሲሄዱ ውሃ ልኩን አውጥቼ መሬት ላይ አጋደምኩት። አረፋዋ መሐል ላይ ቆማ ንቅንቅ አላለችም።

ለአባዬ ደውዬ ልነግረው ስልኩን አንሥቼ ነበር። ከዚያ ቧንቧ ሠሪው መጣ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

የማጣሪያው ማሽን በቀን ሦስት መቶ ሊትር ብቻ ይሰጣል። በርሜል በበርሜል። ጨው ሰባ ኪሎ። ማማሰያው የኩሽና ዘነዘና የሚያህል ዱላ። ባለቤቴ ገላዋን የምትታጠብበት ውሃ የለም አለች። ነገ ይኖራል አልኳት። ትናንትም እንዲሁ ብያት ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

እትዬ ደወለች። የአባዬ የታች ጥርስ አላስበላ ብሎታል፣ ያወልቀዋል፣ ኪሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። «አንተ ነህ የሠራኸው፣ መጥተህ እይለት» አለች። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚነካውን ቦታ አይቶ መሞረድ ብቻ። እሑድ እመጣለሁ አልኳት።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

አልሄድኩም። የመውረጃው ቧንቧ መጋጠሚያ ያንጠባጥባል። ከሥር ፎጣ፣ ከፎጣው ሥር ባልዲ። ሁሉን ፈትቼ እንደገና አጣበቅሁ። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሃያ አራት ሰዓት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ሞላ። ሁለት ሺህ ሊትር።

ውሃው እንደ ወተት ደፍርሷል፣ የአሸዋው ብናኝ ነው። ድንጋዮቹን እኔው በሥራ ቤቴ መሰርሰሪያ ቀድጄ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አቁሜ፣ ዋሻና ድልድይ አድርጌ ነው የገጣጠምኳቸው። አምስት ቀን ፈጀብኝ። አሁን ውስጡ ምንም አይታይም። ባለቤቴ መጥታ ቆመችና «ይሄ ነው?» አለች። ይጠራል አልኳት። «እሱማ ይጠራል» አለችና ወጣች። አነጋገሯ አልጣመኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ጠራ፤ ግን ባዶ ነው። ካፒቴን ነገሩን አስረድቶኛል፤ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ውሃው መብሰል አለበት። ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ድንጋዩ ላይ ሰፍረው ቆሻሻውን የሚበሉበት አቅም እስኪያገኙ አምስት ስድስት ሳምንት። በየቀኑ ውሃውን በትንሽ ብልቃጥ ቀድቼ ጠብታ እጨምርበታለሁ፤ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ መርዝ አለ። ዛሬ ድንች ቅጠል የሚመስል አረንጓዴ ነው።

እትዬ ጋ ባለቤቴ ብቻዋን ሄደች። እኔ ለጨው መለኪያው መሣሪያ ካፒቴን ጋ መሄድ ነበረብኝ። ማታ ስትመለስ አባዬ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ደህና ናቸው፣ ስለ ውሃው ጠየቁኝ» አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ከሥራ ስገባ ባለቤቴ በስልክ ስታወራ ሰማኋት፤ ከእትዬ ጋ ነው። «እሱን አትጠብቂው፤ እሱ አሁን የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው።» ከዚያ ሳቀች። ሳቅ ነው ብዬ ልለፈው።

ሥራ ቦታ የክሊኒካችን የጥርስ ሐኪም፣ ዶክተሯ፣ ጠሩኝ። ለአንዲት ሴትዮ የሠራሁት የፊት ጥርስ ቀለሙ አልገጠመም። «አንተ እንዲህ አትሳሳትም ነበር፣ ቤት ሰላም ነው?» አሉኝ። ሰላም ነው አልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ሄድኩ። ይኸው ሄድኩ።

አባዬ እትዬ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ነው የሚተኛው። የልጆቹ ክፍል አይበቃም። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ትራሱ ላይ አስቀምጦ፣ ልክ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ጫፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሸሚዙ ሰፍቶታል፤ የእትዬ ባል ሸሚዝ መስሎኝ ነበር።

መሞረጃዎቼን ይዤ ነበር። «አባዬ፣ ስጠኝ ልየው» አልኩት። ከደረት ኪሱ መሐረብ አወጣ፣ ጥርሱ እሱ ውስጥ ተጠቅልሏል። ሰጠኝና መልሶ ወሰደው። «ተወው። ድዴ ነው የቀነሰው፤ ጥርሱ ምንም አላለም፣ ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው» አለኝ።

ድዱ ቀንሶ ከሆነ መሞረድ ብቻውን አይበቃም፣ አዲስ ልክ መወሰድ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ዕቃው አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ይዤ እመጣለሁ አልኩት። «ባሻህ ጊዜ» አለ። እትዬ ሾርባ አመጣችለት። ለእኛ ሥጋ ነበር።

«ውሃውስ ጠራ?» አለኝ።

«ጠርቷል፣ ግን አልበሰለም።»

«ውሃ ይበስላል እንዴ?»

ላስረዳው ጀመርኩ። ግን የመብራቱ ማቀፊያ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣ ስለነበር ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ተነሣሁ። እስከ በሩ ሸኘኝ። ግድግዳውን ይዞ ነው የሚሄደው።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቡናማ ሽፋን አሸዋውን በሙሉ ለበሰው። ያስጠላል፣ የወደቀ ቅጠል የበሰበሰበት ይመስላል። ካፒቴን ደግ ምልክት ነው ይላል። ቀኑን ሙሉ መስታወቱን ስፍቅ ዋልኩ። እትዬ ጋ አልሄድኩም። የልክ መውሰጃውን ሸክላ ግን ከሥራ ቤት አምጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቻለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ቡናማው ሄደ፣ አረንጓዴ ፀጉር በቀለ። እሱን የሚበላ ቀንድ አውጣ አንድ መቶ። ሌላ ምንም።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ባለቤቴ ልብሷን ለብሳ ሳሎን ቆመች። «እኔ እሄዳለሁ። ትመጣለህ?» ጠብታዎቹ እየተለወጡ ነበር፤ ናይትራይት የሚባለው መርዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወይን ጠጅ ቀለም ወደ ሰማያዊ ሲወርድ እያየሁ ነበር። አምስት ደቂቃ ጠብቂኝ አልኳት። ቀና ስል የለችም። በሩ ሲዘጋም አልሰማሁም።

ቦርሳዬን ልስጣት ብዬ አሰብኩ። ግን ልክ መውሰድ የእኔ ሥራ ነው፤ እሷ አትችልም። ስለዚህ ሳልልከው ቀረሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ።

ካፒቴን ራሱ ይዟቸው መጣ፣ በፕላስቲክ ከረጢት፣ እያንዳንዷ ለብቻዋ። መጀመሪያ ከረጢቶቹን ውሃው ላይ አንሳፈፍናቸው፤ ሙቀታቸው እስኪስማማ። ከዚያ የእኛን ውሃ በብርጭቆ ትንሽ ትንሽ ጨመርንባቸው። አንድ ሰዓት ተኩል። ካፒቴን ወሬኛ ሰው ነው፣ ያኔ ግን እሱም አላወራም።

መጀመሪያ የገቡት ሁለቱ ብርቱካናማዎች ናቸው፤ ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቁ። ጥግ ላይ ተለጥፈው ቆዩ። ከዚያ አንዷ፣ ትልቋ፣ ወጣች። በሠራሁት ዋሻ ውስጥ ገብታ በሌላኛው በኩል ወጣች። ተመልሳ ገባች። ሌላኛው ተከተላት። ያቺ ቀዳዳ ሁለት ቀን የፈጀችብኝ ናት፤ መሰርሰሪያው ሦስቴ የተሰበረብኝ እሷ ላይ ነው።

አለቀስኩ። ለካፒቴን ጨው ዓይኔ ገባ አልኩት። «ጨው ነው እንዴ?» አለና ጀርባውን ሰጠኝ፤ ጨዋ ሰው ነው።

ባለቤቴን ጠራኋት። መጥታ መሬቱ ላይ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን አቅፋ። ሰማያዊው ብርሃን ፊቷ ላይ ይንቀሳቀሳል። ረጅም ጊዜ አየች። «ያምራል» አለች። ከልቧ ነው። ትከሻዋን ያዝኳት። ቀጥላም እንዲህ አለች፤ «አባባ ይችን መስኮት ለምን ዝቅ አድርገው እንደሠሯት ታውቃለህ? ተኝተው ግቢው እንዲታያቸው ነው። ነግረውኛል።» መስኮቷን የደፈንኳት እኔ ነኝ። ፀሐይ ካገኘ አረንጓዴው ይበዛል።

እጄን አነሣሁ። አንዲት ቀን እንኳ ደስ ብሎኝ እንድውል አይፈቀድልኝም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ዛሬ ልክ ሁለት ወር ሞላው። ማንም አልተናገረም። እኔም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

የሥራ ባልደረቦቼ መጡ፤ ዶክተሯም፣ ጎረቤቶቻችንም። ሕፃናቱ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው አልነቀል አሉ። ለሁሉም አስረዳሁ፤ ድምፄ እስኪዘጋ። ዶክተሯ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና «እንዲህ ያለ ጥሩ ክፍል! ቀድሞ የማን ነበር?» አሉ።

«ባዶ ነበር» አልኩ።

ባለቤቴ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ነበረች። ትሪውን አስቀምጣ ወጣች፤ እንግዶቹ ራሳቸው ቀድተው ጠጡ።

ለምን አልኩት? ወሬው እንዳይረዝም ነው። የአባቴ ነው ብል የት ሄዱ ይላሉ፣ እህቴ ጋ ናቸው ብል ለምን ይላሉ። ጥያቄ ጥያቄን ይወልዳል። እሱ ራሱ ነው «የሚችለው የእኔ ክፍል ብቻ ነው» ያለው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ኮራሎቹ፣ ድንጋይ የሚመስሉት የባሕር እንስሳት፣ ገቡ። አሥራ ዘጠኝ ቁራጭ። ድንጋዩ ላይ በጥርስ ማጣበቂያ ለጠፍኳቸው፤ ካፒቴን «እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አላየሁም» አለኝ። አንዳንዱ ማታውኑ ተከፈተ፣ እንደ ጣት፣ እንደ አበባ።

እትዬ ደውላ ነበር ይላል ስልኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ይህን የምጽፈው ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ፓምፑ ከቆመ ውሃው አየር ያጣል። ከሥራ ቀርቼ በጆግ ውሃውን ከላይ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስሳለሁ፣ አየር እንዲይዝ። እቀዳለሁ፣ አፈስሳለሁ። ሰባት ሰዓት ሙሉ። ስልኬ አራት ጊዜ ጮኸ፤ የእትዬ ስም ነው። እጄ እርጥብ ነበር። ቆይቼ እደውላለሁ ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ። አንድም ዓሣ አልሞተም። ወለሉ ላይ ተዘርግቼ እስቃለሁ፣ ባለቤቴ ገባች። ከሥራዋ ሳይሆን ከሆስፒታል ነው የመጣችው። አባዬ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሱን ስቶ ወድቆ ነበር። የእትዬ ጎረቤት ነው ተሸክሞ ያወጣው።

እርጥብ ሸሚዜን ሳልቀይር ሄድኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። «አጥንታቸው ደህና ነው። ግን በጣም ከስተዋል። ምንድን ነው የሚመገቡት?» አለ። እትዬ መለሰች፤ «ሾርባ። ወተት። የሚታኘክ ከተወ ሁለት ወር አለፈው። ተው ብንለው አልራበኝም ይላል።» ሐኪሙ በባትሪ አፉን አየው። የታች ድዱ ላይ የጣቴን ጥፍር የሚያህል ቁስል። «ጥርሳቸውን የሠራላቸው ባለሙያ አላያቸውም እንዴ? ይሄ እኮ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ነበር።»

እትዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። እንዳታሳጣኝ ብላ ነው፤ ያ ከስድብ ባሰብኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሐኪሙ ያልኩት አልገባውም። «እርስዎ ልጃቸው አይደሉም?»

«ነኝ። ጥርሱንም የሠራሁት እኔ ነኝ።»

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ቁስሉ ሲቀልለት ልኩን ወሰድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ስድስት ሳምንት የከረመው ሸክላ ደርቆ ነበር፣ ሌላ አመጣሁ።

የአባቴን ፊት በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። በፊት ጥርሱን ስሠራ ልኩን የወሰዱት ዶክተሯ ናቸው። አገጩን በግራ እጄ ደገፍኩት፤ ቀላል ነው፣ እንደ ሕፃን አገጭ። ሸክላው እስኪጠነክር ሦስት ደቂቃ መናገር አይችልም። ሦስት ደቂቃ ሙሉ እሱ ሳይመልስልኝ እኔ ላወራ የምችልበት ጊዜ። ይቅርታ ልለው ይገባኝ የነበረው ያኔ ነበር። ወሬ ሳጣ ስለ ብርቱካናማዎቹ አወራሁለት። ዋሻዋ ውስጥ እንደሚተኙ። ትልቋ ሴት እንደሆነች፣ እሷ ብትሞት ወንዱ ራሱ ሴት እንደሚሆን። ዓይኖቹ ፊቴ ላይ ነበሩ። ሸክላውን ሳወጣለት አፉን ጠረገና «ወንዱ ሴት ይሆናል?» አለ። ይሆናል አልኩት። «አይ ያንተ ነገር» አለና ሳቀ። ድድ ብቻ።

ከዚያ ሥራ ቤት ገብቼ እስኪያልቅ አልወጣሁም። ጥርሱ የሚደረደርበትን ሰም ሦስት ጊዜ አፈረስኩት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

አዲሱን ጥርስ አደረግኩለት። አነካከሰው፣ ግራ ቀኝ አለው። የዳቦ ቅርፊት ሰጠሁት። አኘከ። ነርሷም እትዬም ቆመው ያዩታል። ዋጠና «ገጠመ» አለ። ድንጋይ ድንጋይ ላይ ልክ ሲቀመጥለት የሚላት ቃል ናት። በልጅነቴ ሥራ ቦታው ድረስ ምሳ ሳደርስለት እሰማት ነበር፤ ለእኔ ተብላ ሰምቻት ግን አላውቅም።

ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ ቆየሁ።

ዓርብ፣ ጥር 1

ነገ ይወጣል። እትዬ ስልክ ላይ እንዲህ አለች፤ «እኔ ጋ ይምጣ ካልክም ይምጣ፣ ሶፋው አለ። ግን አባባ ቤቱን ይፈልጋል። በእንቅልፉ ስለ መስኮት ያወራል።» ቤት ይመጣል አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ባለቤቴ ሰምታ ነበር። «የቱ ክፍል?» አለች።

«ፎቅ ላይ…»

«ደረጃውን ማን ያወጣቸዋል? አንተ ሥራ፣ እኔ ሥራ። እዚያ ላይ ታሥረው ሊቀመጡ ነው?»

ለካፒቴን ደወልኩ። ብናነሣውስ አልኩት። በስልኩ ውስጥ ትንፋሹን ሰማሁት። «አሁን? ኮራሎቹ ድንጋዩን ሊይዙ ሲሉ? ብታነሣቸው ግማሾቹ ያልቃሉ። ቢያንስ ስድስት ወር ስጣቸው። ከፈለግህ ግን መጥቼ ዓሦቹን እወስድልሃለሁ፣ ያንተው ውሳኔ ነው» አለ።

ለባለቤቴ «ካፒቴን አይቻልም አለ» አልኳት። ካፒቴን ያለው እንደዚያ አይደለም።

እሑድ፣ ጥር 3

ከሆስፒታል እትዬ ጋ ነበር ያሳደሩት። ጠዋት መኪና ተውሼ ከባለቤቴ ጋ ሄድን። ተላጭቷል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ሻንጣው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ተዘግቶ፣ ትራሱ ላዩ ላይ። ያየሁት ስገባ ነው። ልብ ያልኩት ግን አሁን ስጽፍ ነው ማለት እፈልጋለሁ። አይደለም። ያኔውኑ ልብ ብያለሁ።

ቁርስ በላን። ሥጋ በላ፣ በአዲሱ ጥርሱ። እትዬ ደስ ብሏት ደጋግማ አቀረበችለት። ከዚያ እትዬ ሰሐኑን ማንሣት ጀመረች። እኔ እንድናገር ነው የሚጠብቁት።

«አባዬ፣ ቤት እንሂድ?» አልኩት።

የሶፋውን ጨርቅ በመዳፉ ደለደለ፣ ወለል እንደሚያስተካክል።

«ተወው ልጄ። ዓሦቹን አታስቸግራቸው። እዚህም ደህና ነኝ።»

አየኝ። ቀና ብሎ ዓይን ለዓይን አየኝ፣ ቆየ። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ምግብ እንኳ ስናቀርብለት መጀመሪያ በቃኝ ነው የሚለው። እትዬ ሰሐኑን ይዛ ባለችበት ቆማለች። ባለቤቴ ወደ እኔ አታይም፤ ሻንጣውን ነው የምታየው።

«እሺ አባዬ፣ ካልክ» አልኩ።

ባለቤቴ ተነሥታ ጉንጩን ሳመችው፣ ግራና ቀኝ፣ ደግማ። እትዬ ሻንጣውን ከበሩ አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባችው። ማንም አልተቆጣኝም። መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ባለቤቴ፣ መንገዱን እያየች፣ «እንዲያ ነው የሚለመነው?» አለች። እሱ ራሱ ነው እምቢ ያለው ብዬ ልመልስላት አልኩና ማርሽ ቀየርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

እትዬ የቀረውን ልብሱን እንድንልክላት ጠየቀች። ባለቤቴ አጣጥፋ በካርቶን አሰናዳችው። ካርቶኑን እኔ ነኝ ያሰርኩት።

ውሃው እንዲህ ጠርቶ አያውቅም። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው፤ ጨዉም፣ ሙቀቱም፣ ሁሉም። አሥራ ዘጠኙም ኮራሎች ተከፍተዋል። ጎረቤቱ ልጆቹን ይዞ መጣ፣ አስገባኋቸው፣ ስለ እያንዳንዱ አስረዳኋቸው፣ አመስግነውኝ ሄዱ። ባለቤቴ ፎቅ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው አሁን የምትተኛው። እንቅልፌን የፓምፑ ድምፅ ይረብሸኛል አለች። እዚያ ድረስ አይሰማም።

እሱ ራሱ ነው ያለው ብዬ ስንት ቦታ እንደጻፍኩ ገልጬ አየሁ። የሚችለው የእኔ ክፍል ብቻ ነው ማለት ክፍሌን ውሰድ ማለት አይደለም። ስለ ወለል ነበር የጠየቅነው፣ ስለ ወለል መለሰ።

እሑድ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሁት። ሁለተኛ ብጠይቀው ይነሣ ነበር። ለዚያ ነው ያልጠየቅሁት።